ጌጥ የመሰለችው ገመድ

ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። ሲያልቅ «ጽፈህ ስጠን» ያሉኝ ስለበዙ በተቻለኝ መጠን እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

እስቲ መጀመሪያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልከቱ። ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። አሁን ቀኑ ተጋመሰና ነፋሱ ተነሣ። ሞገዱ ዳር ያለውን ድንጋይ ሲመታው እዚህ ድረስ ይሰማል። ጀልባ ነጂ ወንድሞቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወደ ደቅ ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄድ እንግዳ ሲመጣ «በጠዋት እንውጣ» የሚሉት በምክንያት ነው።

እኔ ያደግኩት በዚህ ውኃ ዳር ነው። ከዚያ የመርከብ መሐንዲስ ሆኜ ብዙ ዓመት በጭነት መርከብ ሠራሁ። ሥራዬ ከታች፣ ኢንጂን ክፍል ነበር። ስለዚህ ውቅያኖስን በዓይኔ ካየሁት ይልቅ በእግሬ የማውቀው ይበልጣል። ወለሉ ከሥርህ ሲሸሽ፣ ከዚያ መልሶ ሲመጣብህ።

ዛሬ ስለ መርከብ ምርጫ እንድናገር ምክንያት የሆኑኝ እዚህ ፊት የተቀመጡት እናት ናቸው። ሴቷ ልጃቸው ለንደን ናት፣ ወንዱ ደግሞ ኒው ዮርክ። ለንደን በአውሮፕላን ሄደው ነበር። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ነፍሳቸው ልትወጣ ደረሰ። አሁን «ለንደን ድረስ እንደምንም እችለዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በመርከብ ነው። የትኛው መርከብ ነው ማዕበል የሚችል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ነገር ሆኖ አገኘሁት።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። መርከብ ስትመርጡ የሚያምረውን ነገር ለጊዜው ተዉት። ሥራ ፈት የሚመስለውን ነገር ፈልጉ። ቀኑ ሲከፋ የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ይህን ነገር በደንብ የሚያሳየን ደግሞ ከዚሁ ከጣና የተቆረጠ ደንገል ነው።

ታሪኩን የምታውቁት ትኖራላችሁ። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ «የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር» ብሎ ተነሣ። ሊያሳይ የፈለገው ራሱ ተሳፍሮ ነው። ደንገሉን ያገኘው እኛ ዘንድ ነው። ከጣና ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ግብፅ ድረስ ተጫነ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ሠሯት። ርዝመቷ 15 ሜትር ነበር። በግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለች። ሞሮኮ ውስጥ ሳፊ ከምትባል ወደብ ግንቦት 17 ቀን ተነሣች። ከሰባት አገር የመጡ ሰባት ሰዎች ተሳፍረውባታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ግብፃውያን በግድግዳ ላይ በተዉልን የጀልባ ሥዕሎች ውስጥ አንዲት ገመድ አለች። ወደ ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ተነሥታ ወደ ጀልባዋ ወለል ትወርዳለች። ምን እንደምትሠራ ለማየት ያስቸግራል። ጭራው እንዲቆለመም የምትይዝ ብቻ ትመስላለች። ጭራው ቅርጹን ከያዘ በኋላ ታዲያ ምን ታደርጋለች? ጥቅም የላትም ተባለና ቀረች።

ውቅያኖስ ላይ ነገሩ ተገለጠ። ያቺ ገመድ ሥራዋ ሌላ ነበር። የተቆለመመው ጭራ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ፣ በእሷ በኩል የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ይስባል። ሞገድ ሲመጣ ጀልባዋ ትታጠፋለች፤ ሞገዱ ሲያልፍ ገመዷ ትመልሳታለች። ገመዷ ስለሌለች የራ ኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ ሄደ። ሞገዱ በዚያ በኩል መግባት ጀመረ። ሁለት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ 5000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሳይደርሱ ጥለዋት ወጡ። ደግነቱ የሞተ የለም።

ተስፋ አልቆረጡም። በዓመቱ ስሕተቱን አርመው ራ ሁለትን ሠሩ። የዚህችኛዋ ሠሪዎች ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ። 12 ሜትር ብቻ ናት፣ ካለፈችው ታንሳለች። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ተነሥታ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ገባች። 57 ቀን፣ 6100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ ኦስሎ፣ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ አጫወትኳቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ደንገል እያሰሩ ነበር። እስሩን በጉልበታቸው ይጫኑታል፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይስቡታል። ደንገሉ ሲጠብቅ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንሿሿል። የገመዷ ነገር ላይ ስደርስ እጃቸው ቆመ። «እና ልጄ፣ ሳይጠይቁ ነው የተዉት?» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኳቸው። ምንም አልጨመሩም። ተመልሰው ማሰር ጀመሩ።

ስለ ታንኳ ካነሣን አንድ ነገር ልበል። ትንሽ ናት ተብላ አትናቅ። የብረት ጀልባ ውኃ ከገባበት ይሰምጣል። ታንኳ ግን የሚሞላ ሆድ የላትም። ከላይ የመጣው ውኃ በእስሮቹ መሐል ወደ ታች ይወርዳል። ጠላቷ መራስ ነው፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ግድግዳ ላይ ወይም ዛፍ ላይ አቁመው ያደርቋታል። የውቅያኖስ ሞገድ ደግሞ ከጣና ሞገድ በጣም ይረዝማል። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ውቅያኖስ ላይ ግን ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው 100 ሜትር፣ 200 ሜትር ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጀልባ እንደ ዳክዬ ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል ትወርዳለች። የ100 ሜትር መርከብ ግን ያው ሞገድ ከፊት ያነሣዋል፣ ከኋላ ይለቀዋል። ለዚህ ነው መካከለኛ መርከብ አንዳንዴ ከሁሉም በላይ የሚሰቃየው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። ሰው የሚጭኑ ትላልቅ መርከቦች ሁሉ አንድ አይደሉም። አብዛኞቹ የሽርሽር መርከቦች ናቸው፤ ክሩዝ የምንላቸው። ከወደብ ወደብ፣ ፀሐይ ወዳለበት፣ ማዕበሉን እየሸሹ ይሄዳሉ። ለዚያ ሥራ ጥሩ ናቸው። በረንዳ፣ መዋኛ፣ መስታወት። ቦታ አይባክንም። ቀጠሮ ይዞ፣ ማዕበል ቢኖርም ባይኖርም ውቅያኖስ እንዲያቋርጥ የተሠራው ደግሞ ላይነር ይባላል። ድሮ ብዙ ነበሩ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለችው አንዲት ናት፤ ኩዊን ሜሪ 2። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረች።

መጠኗን ለመገመት ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ይሄ አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። መርከቧ 345 ሜትር በ41 ሜትር ናት። ድልድዩን በእግራችሁ ስትሻገሩ እሷ ላይ እየሄዳችሁ እንደሆነ አስቡት። ውኃ ውስጥ የሚገባው ሆዷ 10 ሜትር ነው። ጣና ላይ ብናመጣት አብዛኛው ቦታ ላይ መሬት ትነካለች።

የማደንቃት ግን በትልቅነቷ አይደለም። ፊቷን ተመልከቱ። ረጅም ነው፣ ሹል ነው፣ ባዶ ነው። የሽርሽር መርከብ ሠሪ ያንን ቦታ ቢያገኘው ክፍል ይደረድርበታል። እሷ ላይ ግን ባዶውን ተትቷል፤ ሞገድ ወጥቶ እንዲሰበርበት። የነፍስ አድን ጀልባዎቿም እንደ ሌሎቹ ዝቅ ብለው አልተሰቀሉም፤ ከውኃው ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ብለዋል። ዝቅ ቢሉ ሞገድ ይወስዳቸዋል። የሆዷ ብረት ወፍራም ነው። ፍጥነቷ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ለመቸኮል ብቻ ሳይሆን ማዕበል ዞሮ ለማለፍ፣ የጠፋ ጊዜንም ለመካስ ነው። በጸጥታ ቀን ይህ ሁሉ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ከእሷ በፊት የነበረችው ኩዊን ኤልዛቤት 2፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 አትላንቲክ ላይ 29 ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ ገጥሟታል። ተቋቁማው ኒው ዮርክ ገባች።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለጋችሁ ስዊድን ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1628 ቫሳ የተባለች የጦር መርከብ ስቶክሆልም ላይ ተመረቀች። በቅርጻ ቅርጽ የተሞላች፣ እጅግ የምታምር ነበረች። ከላይ ግን ከብዳለች። ቀላል ነፋስ ጎኗን ገፋት፤ ተጋደለች፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባ። ከተነሣችበት 1300 ሜትር ገደማ ሄዳ፣ ሕዝብ እያያት ሰመጠች።

ክብደት የት እንደተቀመጠ የማወቅን ነገር እኔ የተማርኩት በጉልበቴ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ብረት ጭነን ወደ ደቡብ ስንወርድ ፈረንሳይና ስፔን አጠገብ ባለው ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ላይ ማዕበል ያዘን። ብረት ይከብዳል እንጂ ቦታ አይዝም። ክብደቱ ሁሉ ከመርከቡ ሆድ ሥር ተከማችቷል። እኔ ይሄ ደግ ነገር ነበር የመሰለኝ። ኢንጂን ክፍሉ ግድግዳ ላይ መፍቻዎች በቅደም ተከተል ተሰቅለዋል። መርከቡ ሲጋደል ሁሉም በአንድ ላይ ከግድግዳው ይነሣሉ። ሲመለስ ሁሉም በአንድ ላይ ግድግዳውን ይመታሉ። ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። ዋናው መሐንዲስ አንድ እጃቸውን ቧንቧ ላይ አድርገው «ቁጠር» አሉኝ። ከቀኝ ተነሥቶ፣ ግራ ደርሶ፣ ወደ ቀኝ እስኪመለስ ቆጠርኩ። ስምንት ሰከንድ።

«ይሄ መርከብ አይገለበጥም» አሉኝ። «ሰውን ግን ይወረውራል።»

አህያ ላይ ጭነት ሲጫን አይታችኋል። እንጨት ከፍ አድርጋችሁ ከቆለላችሁ ይወዛወዛል፤ አንድ ጉድጓድ ላይ ይገለበጣል። ጤፍ በሁለት ስልቻ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጋችሁ ከጫናችሁ አይገለበጥም። መርከብም እንደዚያው ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ ዝቅ ካለ መልሱ ፈጣንና ጨካኝ ይሆናል። እቃ ይሰበራል፣ ሰው ይወድቃል። ጥሩ የመንገደኛ መርከብ ቀስ ብሎ ይጋደላል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ግን ደግሞ በጣም መዘግየቱም ጥሩ አይደለም። ተጋድሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም የሚል፣ ልመለስ ወይስ አልመለስ የሚል የሚመስል መርከብ ላይ ከሆናችሁ፣ እሱን ፍሩ። የባሕር ሰው ሁሉ ያንን ዝምታ ይፈራል።

ከመርከቡ ጎን በውኃ ውስጥ እንደ ክንፍ የሚወጡ ስታቢላይዘሮች አሉ። ወደ ጎን መጋደልን በጣም ይቀንሳሉ። ሁለት ነገር ግን እወቁ። በደንብ የሚሠሩት መርከቡ ሲሄድ ነው። ፊትና ኋላ መነሣቱን ደግሞ አያቆሙትም።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ቫይኪንግ ስካይ የምትባል የሽርሽር መርከብ 1373 ሰዎች ይዛ ኖርዌይ ጠረፍ ላይ ማዕበል ውስጥ ገባች። አዲስ መርከብ ነበረች። በመሐል ሞተሮቿ በሙሉ ቆሙ። ማዕበሉ ዓለቱ ወዳለበት ገፋት። መልህቅ ጥለው፣ አንዱን ሞተር እንደምንም አስነሥተው ለጥቂት ተረፈች። 479 ሰዎች አንድ በአንድ በሄሊኮፕተር ተነሡ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የሞተሮቹ ዘይት መጠን ዝቅ ያለ ነበር። ጸጥ ባለ ባሕር ላይ ይበቃ ነበር። መርከቧ ስትወዛወዝ ግን ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ ፓምፑ አየር ሳበ፤ ሞተሩ ራሱን ለመጠበቅ ጠፋ። ይህን ሳነብ እጄ ላይ የዘይት መለኪያ ዘንግ የያዝኩ ያህል ተሰማኝ። በየፈረቃው የምንለካት፣ መንገደኛ የማያያት ነገር ናት።

መንገደኛ ሊያየው የሚችለው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ወደብ ላይ የጭነት መርከብ ጎን ብታዩ፣ መሐሉ ላይ በመስመር የተቆረጠ ክብ ተሥሏል። አጠገቡ ትንንሽ መስመሮች አሉ። ይህ የጭነት ልክ ነው። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የእንግሊዝ የምክር ቤት አባል ነው የታገለለት። በዚያ ዘመን ባለቤቶች ከልክ በላይ ጭነው፣ ኢንሹራንስ ገብተው፣ መርከበኛውን ለሞት ይልኩት ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1876 ወጣ። ከመስመሮቹ አንዱ ለጨው አልባ ውኃ ነው። የጣና ዓይነት ውኃ ከባሕር ውኃ ይቀላል፤ ትልቅ መርከብ ከወንዝ ወደ ባሕር ሲወጣ ሃያ ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከሁሉም ዝቅ ያለችው መስመር ደግሞ ትንንሽ መርከቦች በፈረንጆቹ ክረምት ሰሜን አትላንቲክ ላይ ሲሄዱ የሚጠብቋት ናት። ቀለም ብቻ ናት። ስንቱን ሰው ቤቱ መለሰች።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እዚህ የተቀመጣችሁ ልጆች አንዳንዶቻችሁ የምታውቁት ሰው በጂቡቲ፣ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ተሻግሯል። እዚያ የሚመርጥ የለም። የተባለው ጀልባ ላይ ይወጣል። ባሕሩ ባብ ኤል ማንደብ ላይ በጠባቡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ካለው ውኃ ያጥራል። ስለዚህ ቀላል ይመስላል። ግን ጀልባው የጭነት መስመር የለውም። ሰው ጎን ለጎን ተፋፍጎ ይጫናል። ሰው ደግሞ እንደ ጤፍ ስልቻ አንድ ቦታ አይቀመጥም። መሬት ሲያይ፣ ወይም የሚያድን መርከብ ሲመጣ ይነሣል። ሲነሣ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲያይ ጀልባው ይገለበጣል። ብዙ ሰው ያለቀው መዳኛው ሲደርስ ነው። እዚሁ ጣና ላይም ቢሆን ጀልባ ሲጋደል አትነሡ። ዝቅ በሉ፣ መሐል ላይ ሁኑ፣ የምታንሳፍፈውን ጃኬት ከመነሣታችሁ በፊት ልበሱ። ስለምታስጠላ ወንበር ሥር አትተዋት።

እንግዲህ እናቴ፣ የእርስዎን ነገር ልጨርስ።

ሳውዝሃምፕተን ከሚባለው የእንግሊዝ ወደብ ወደ ኒው ዮርክ ሰባት ሌሊት ነው። ላይነሯን ይምረጡ። በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አይሂዱ። ሰኔ ጥሩ ነው፤ ጭጋግ ሊኖር ይችላል እንጂ ሞገዱ ይሻላል። ክፍል ሲይዙ ልጆችዎ «ከላይ፣ በረንዳ ያለው» ይሉዎታል። እሺ አይበሏቸው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመጡ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓባይ በረሃ ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። መሐል የተቀመጠው ይተኛል። መርከብም ያው ነው። መሐሉ ላይ፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ ይሁንልኝ ይበሉ። ዋጋውም ይቀንሳል። ወደ ምዕራብ ስለሆነ የሚሄዱት በመንገድ ላይ አምስት ሌሊት ሰዓቱን አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ እንቅልፍ ይጠግባሉ።

እዚህ ላይ እጃቸውን አነሡና «ውኃው ሲነሣብኝስ? ልተኛ ወይስ ልቀመጥ?» አሉኝ።

ገና ሲጀምርዎት ወደ ውጭ ይውጡና ሰማይና ውኃው የሚገናኙበትን መስመር ይዩ፤ ጆሮዎ ውስጥ ያለው ሚዛን የሚሰማውን እንቅስቃሴ ዓይንዎ ያረጋግጥለታል፣ ማጥወልወሉ ይቀንሳል። ነፋሱ ከበረታና መውጣት ከከለከሉዎት በጀርባዎ ይተኙ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ባዶ ሆድዎን አይሁኑ፤ ደረቅ ዳቦ ትንሽ ትንሽ ይብሉ። ዝንጅብል ከዚህ ይዘው ይሂዱ።

«ዝንጅብሉስ አለኝ» አሉ። «መሐል፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ነው ያልከኝ?»

«አዎ እናቴ። መሐል፣ ዝቅ ያለው።»

ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀት አወጡና አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጅ «ጻፊልኝ» አሏት።